ዓይኔ ሲከደን የሚቆመው ማሽን

ዲበገሯ ጎንደር የገባችው በሕፃን ካልሲ ተጠቅልላ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ገዝቶ፣ ልብስ እያመላለሰች ለምትነግድ ሴት በአደራ ሰጣት። ሴትዮዋ መንገዱ ተዘግቶባት ባሕር ዳር ከረመች፤ ሲከፈት መጣች። ፒያሳ ሄጄ ስቀበላት ካልሲውን ፈትታ እቃዋን መዳፏ ላይ አገላበጠችና «ለዚች ነው እንዲህ ቀን በቀን ስትደውይ የነበረ? እኔ እኮ ወርቅ መስላኝ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የመጣሁ» አለችኝ። ዝናቡ ሊጥል ነው፤ ለማስረዳትም አቅም አልነበረኝም። አመስግኜ፣ ካልሲውን መልሼላት፣ ባጃጅ ያዝኩ።

ዲበገር ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነገር ናት። አንዱ ጫፏ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ ከሌላው ጫፏ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ማይክሮኮንትሮለር ከሚባለው ቺፕ ጋር ይያያዛሉ። ማይክሮኮንትሮለር ደግሞ በየማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ «አሁን ክፈት፣ አሁን ዝጋ፣ አሁን አቁም» እያለ የሚያዝ፣ ጥፍር የሚያህል ጥቁር ቺፕ ነው። ዲበገሯ ፕሮግራም ትጭንበታለች፤ ሲበላሽም ሆዱን ከፍታ ምን እያሰበ እንደነበር ታሳያለች። እኔ ይህንን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዕሏን እሥላለሁ፤ ተማሪዎቼ ሥዕሏን ይገለብጣሉ፤ እንፈተናለን፤ እንመረቃለን። የላቦራቶሪያችን ዲበገር ፒኗ ተሰብሮ መሳቢያ ውስጥ ከተኛች ቆይታለች።

እኔ የፈለግኋት ግን ለማስተማር አልነበረም። እናቴ የምትተነፍስበት ማሽን እየቆመ ስላስቸገረኝ ነው።

እናቴ የጃናሞራ ሰው ናት፣ የመካነ ብርሃን። እዚያ ብርዱ በር አያስከፍትም፤ እሳቱም ጭሱም ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ነው የሚውለው። ሳንባዋ አልቆ ወደ እኔ ወደ ከተማ ስትመጣ ሐኪሙ የደረቷን ፊልም ብርሃን ላይ ይዞ «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ቢላት፣ «ጎጆው ነው ያጨሰ። እኔማ ተቀምጬ ነው» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ሆስፒታል ተኝታ ሰነበተች። በግራዋም በቀኟም ያሉት አልጋዎች ሰው ሲለዋወጥባቸው አየች፤ የሚለዋወጠውም ድኖ እየወጣ እንዳልሆነ ገባት። ቤት ውስጥ ኦክስጅን ካላት መውጣት ትችላለች ሲሉኝ ያለ የሌለ ዘመድ አስቸግሬ ያገለገለ የኦክስጅን ማሽን አገኘሁላት። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ክንዴን ጨብጣ «ከዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳትመልሽኝ። ሞቴም ከሆነ ካንች ጋር ይሁን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልላት ነበር?

ማሽኑ ኮመዲኖ ያህላል። በጀርባው የቤቱን አየር ይስባል፣ ኦክስጅኑን ይለያል፣ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። ይህንን ሁሉ የሚሠራው እየጮኸ ነው። ውስጡ ያለው ኮምፕሬሰር ዱግ ዱግ ይላል፤ በየመሐሉ ቫልቩ ሲከፈት ደግሞ እንደ ተቆጣ ድመት ፉሽ ይላል። እናቴ «ማኪናው» ነው የምትለው። በገባ ዕለት ከሥራ ስመለስ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ጠበቀኝ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፤ እሱ ለብቻው ምን በድሎ?

«ጠያቂ በሚገባበት ቤት እርቃኑን ይቁም?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ አየር ይፈልጋል። ዳንቴል አይደረግበትም።»

«እሺ» አለች። አጣጥፋ ከትራሷ ሥር አስቀመጠችው። እናቴ እሺ ካለች እሺ ነው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ ብዬ ተውኩት።

መብራት ጠፍቶ በድንገት ከፍ ብሎ ሲመለስ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጠለ። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም። እናቴን በተጠባባቂው የኦክስጅን ሲሊንደር እያስተነፈስኩ፣ አንድ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ገዝቼ፣ ቦርዱን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ፕሮግራሙንም ጻፍኩለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምኩራራበት ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ግን ቸኩያለሁ፤ ሲሊንደሩ እያለቀ ነው። ስለዚህ አንድ ቀይ መብራትና አንድ ጩኸት ብቻ አደረግኩለት፤ ግፊት ቢወርድም፣ ኤሌክትሪክ ቢዋዥቅም፣ ሙቀት ቢበዛም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ቢሳከርም ማሽኑ ይቆማል፣ ያው ቀይ መብራት ይበራል፣ ያው ጩኸት ይጮኻል። ምን ሆነህ ነው ብትለው አይናገርም።

ማሽኑም በክረምቱ መግቢያ መቆም ጀመረ።

የማይረሳኝ የአቆሟሙ ዓይነት ነው። ከሥራ ደክሞኝ እገባለሁ። የእናቴ አልጋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ትይዩው ሶፋው አለ። እራት አበላታለሁ፣ ቱቦዋን አጥባለሁ፣ የማሽኑን ማጣሪያ አራግፋለሁ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። ዓይኔ ከተከደነ ትንሽ ቆይቶ ያ ጩኸት! ስነሣ ቀዩ መብራት በርቷል፣ የእናቴ ከንፈር ጠቁሯል፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ተንደርድሬ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዞራለሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራዋለሁ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዱግ ዱግ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት አረፍ ስል ያው ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያው ነው። ቁጭ ብዬ ዓይኔን ካፈጠጥኩበት ግን ንቅንቅ አይልም። ተንኮለኛ ሰው ይመስለኝ ጀመር፤ ዓይኔ እስኪከደን የሚጠብቅ።

እንቅልፍ ማጣት ሰውን ክፉ ያደርጋል። ክፍል ውስጥ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ያስከፋኝ ነበር። ዳቦ ሰልፍ ላይ አንዲት አሮጊት ብትገፋኝ ልመታት ምንም አልቀረኝም። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለው ቤቴ እስከ ታክሲው የምወጣት ዳገት ተራራ ሆናብኝ መሐሏ ላይ ቆሜ አስባለሁ፤ የማስበው ግን ምንም የለም።

በክትትል ቀጠሯችን ሐኪሙ የጠቆረውን የጣቷን ጥፍር አየና ወደ ኮሪደር ይዞኝ ወጣ። «ማሽኑ የማይታመን ከሆነ ቤት ማስቀመጥ አደጋ ነው። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይስተካከል። ካልተስተካከለ አልጋ እንይዝላታለን» አለኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ ትክክልም ነው። ስመለስ እናቴ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ጥፍሯን ቁረጭላት አለኝ» አልኳት። አላመነችኝም።

የክፍሌን ባልደረባ አማከርኩ። የኃይል ኤሌክትሪክ መምህር ነው፣ በዕድሜም ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ ራስ ምታት ቢያመው እንኳ ከመብራት ኃይል የሚያገናኝ ሰው ነው። «መቼ መቼ ነው የሚቆመው? ማታና በዕረፍት ቀን? አለቀ! ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል።» አሳማኝ ነው። የራሱን ስታብላይዘር ከቤቱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ማሽኑ ከነስታብላይዘሩ ቆመ።

እንግዲያስ ጥፋቱ የራሴ ፕሮግራም ነው አልኩ። ሲሊንደር አስሞልቼ ለእናቴ ከተውኩላት በኋላ፣ ጎረቤታችንን አጠገቧ አስቀምጬ፣ ማሽኑን ላቦራቶሪ ወስጄ ቀኑን ሙሉ አስጮኽኩት። ጨዋ ልጅ ሆኖ ዋለ። አንድም ጊዜ አልቆመም። ጋሼ በበሩ ብቅ ብሎ «አየሽ? እዚህ መብራቱ ደኅና ነው» ብሎኝ ሄደ። የዚያን ዕለት ነው ለተማሪዬ የደወልኩለት። የቺፑን ሆድ ከፍቼ ካላየሁ በስተቀር ከግምት አልወጣም።

ዲበገሯ ስትመጣ ግን ነገሩ የሚቀል መስሎኝ ተሞኘሁ። መጀመሪያ ላፕቶፑ አላውቃትም አለ። ድራይቨር የሚሉት ማስተዋወቂያ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ እሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ግቢ ውስጥ መስመሩ የሚሠራበት አንድ ቢሮ አለ። በሁለት ክፍለ ጊዜ መሐል በዝናብ ሮጬ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ቤት ገብቼ ጫንኩት። ዲበገሯ አረንጓዴ አበራች። ሽቦዎቿን በጥንቃቄ ሰካሁ፤ የመሬቱን፣ የኃይሉን፣ የሰዓት ምቱን፣ የመረጃውን፣ እያንዳንዱን በየቺፑ እግር ላይ። «ተገናኝ» የሚለውን ተጫንኩ። ቺፕ የለም አለኝ።

«እንዴት የለም? ዓይንሽ አያይም?» ብዬ ዲበገሯ ላይ ጮኽኩባት።

እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ምነው ልጄ? ማንን ነው?»

«ይቺን ነዋ! ቺፕ የለም ትለኛለች!»

«ካልተገኘማ ነገ ትፈልጊዋለሽ። በሞቴ፣ አሁን ትንሽ ጋደም በይ።»

ነገም የለም። ሽቦ ቀየርኩ፤ የለም። በቴስተር አንድ በአንድ ለካሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው፤ ቺፑ ግን የለም። ሦስተኛው ነው አራተኛው ቀን ላይ፣ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሥዕል ለተማሪዎቼ እየሣልኩ ጠመኔው እጄ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ቦርዱን በጥድፊያ ስሠራ የቺፑ እግሮች አልበቃ ብለውኝ፣ ቀዩን መብራት ያገናኘሁት ዲበገሯ በምትገባበት እግር ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ያንን እግር ለመብራቱ ይይዘዋል። እኔው ራሴ በሯን ግንብ አድርጌባት እኔው ራሴ አንኳኳለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ባይሆን እዚያው እዘረጋ ነበር።

እንዲህ ያለውን በር መክፈቻው ዘዴ አለው። በአንድ እጅ የቺፑን ማስጀመሪያ ቁልፍ ጭኖ መያዝ፣ በሌላው ላፕቶፑን «ተገናኝ» ማለት፣ ከዚያ ቁልፉን መልቀቅ፤ ፕሮግራሙ ነቅቶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዲበገሯ ሾልካ ትገባለች። ደጋግሜ ሳትኩት። በመጨረሻ የቺፑ መለያ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። በደስታ መዝለል ይገባኝ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ወገቤ ብቻ ነው። መብራቱን ወደ ሌላ እግር አዛወርኩ፣ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ፣ ለምን እንደሚቆም ምክንያቱን በቁጥር እንዲመዘግብ አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ የዲበገሯን ገመድ በማሽኑ ሥር አሾልኬ ጠረጴዛው ላይ ካለው ላፕቶፕ ጋር አቀራርቤ ተውኳት። እናቴ ይህን ሁሉ ትራሷን ተደግፋ ታየኛለች። እሷ የምታየው ማሽኑን አይደለም፤ እኔን ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በዚያው ሳምንት ማሽኑ ቆመ። ከሶፋው ዘልዬ እናቴን ወደ ሲሊንደር አዙሬ ዲበገሯን አገናኘሁ። ምክንያቱን የጻፈበትን ቦታ ከፈትኩ። ዜሮ። ማኅደረ ትውስታው ባዶ ነው። ዲበገር አታስጀምሪ ካልተባለች ስትገናኝ ቺፑን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች፤ እንደ አዲስ ሲጀምር ያለፈውን ይረሳል። አንብቤዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁ፤ ረስቼዋለሁ። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። ከዚያ እጄ አመመኝና አለቀስኩ። እናቴ ሲሊንደሩ ላይ ሆና፣ ለመናገር ትንፋሽ ሳይኖራት፣ በእጇ ነይ አለችኝ። ሄጄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አንጀቴን በላችው፤ በሽተኛዋ እሷ፣ የምትደበስ እሷ።

ከዲበገሯ ማዋቀሪያ ውስጥ «ሳታስጀምሪ ተገናኚ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን አደረግኩ። አሁን የቀረኝ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ቀጠሮውም ሰኞ ነው። የሚያስቀውና የሚያስለቅሰው ነገር፣ እናቴ የምትታፈንበትን ደቂቃ እየናፈቅኩ መቀመጤ ነው። ቅዳሜን ሙሉ ስጠብቅ ዋልኩ። ዓይኔን ተክዬበት ስለነበር አልቆመም።

እሑድ የፍልሰታ ጾም ነው። ከቅዳሴ የወጣነው ቀን ከፍ ሲል ነው፤ ከዝናቡ ጋር ዳገት ቁልቁለቱን ወርጄ ቤት ስገባ እግሬም ነጠላዬም ርሷል። ጎረቤታችን እናቴን ስትጠብቅልኝ ቆይታ ወደ ቤቷ ሄደች። የጾም ወጥ አሙቄ በላን። የነሐሴ ብርድ በመስኮቱ ክፈፍ ይገባል፤ እናቴ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባለች። ማሽኑ ዱግ ዱግ፣ ፉሽ ይላል። አልተኛም አልኩ። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ደገፍ አልኩ።

የቀሰቀሰኝ ያው ጩኸት ነው። የመስኮቱ ብርሃን ገና ቀን እንደሆነ ይናገራል። ተነሣሁ፣ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዞርኩ፣ እናቴ አየር እንደገባላት አየሁ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ትንፋሼን ይዤ ተገናኚ አልኳት። አላስጀመረችውም። የምክንያቱን ቦታ ከፈትኩ። ዜሮ አልነበረም፤ ፕሮግራሙን ስጽፍ ለሙቀት የሰጠሁት ቁጥር ነው።

ሙቀት? በነሐሴ? ጎንደር ውስጥ? እጄን እያሻሸሁ ነው እኮ የምጽፈው። ዳሳሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሙቀቱን የሚለካበትን ቦታ ከፈትኩ። ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ግን ዝም ብሎ የቆመ ቁጥር አልነበረም። ዓይኔ እያየ ወረደ። እንደገና ወረደ። አሁንም ወረደ። የሚቀዘቅዝ ነገር ነው። እስካሁን ታፍኖ የቆየ፣ አሁን ገና የተገለጠ።

ቀና አልኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ በዚያ ብርድ ትከሻዋ ላይ ምንም የለም። ጋቢዋ በችኮላ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሷ ቶሎ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሄጄ ጋቢውን ነካሁት። አሁን ካውያ የተነሣበት ልብስ ያህል ይሞቃል።

«እማዬ፣ ማሽኑ ላይ አድርገሽው ነበር?»

ቱቦው ከአፍንጫዋ ሥር ይነፍሳል። «ዳንቴሉን ነው ያልሽኝ» አለች በመጨረሻ። «ይኸ ጋቢ ነው። ሸጋ ጥጥ ነው። እኛ እስከ ራሳችን ተከናንበንበት እናድር የለም ወይ? ሰው የሚተነፍስበት ጋቢ ማኪና ያፍናል?»

ጃናሞራ ፊቱን ገልጦ የሚተኛ ሰው የለም። እኔም ራሴ ከእሷ ጋር በአንድ ጋቢ ውስጥ እንደ ድንኳን ተሸፍኜ ነው ያደግኩት። እዚያ ሰው ሲያንቀላፋ መጀመሪያ የሚሸፈነው ራሱ ነው። ለእሷ ጋቢ ትንፋሽ የሚያሞቅ እንጂ የሚከለክል ነገር ሆኖ አያውቅም።

«ለምን ግን?»

«ይጮኻላ! አንች ደግሞ በተኛሽበት ትባንኛለሽ። ጥርስሽን ታፋጫለሽ። እኔ እዚህ ሆኜ አይሻለሁ እኮ። እንቅልፍ ሲወስድሽ ጠብቄ ጣል አደርግበታለሁ። ዝግ ይላል። ግንባርሽ ፈታ ይላል። ቀይ ሲያበራ ጊዜ እንዳትቆጭኝ ብዬ አነሣዋለሁ።»

ጮኽኩባት። ይህን ማለቴን አልደብቅም። «ልትሞች ነበር እኮ! በእያንዳንዱ ቀን ልትሞች ነበር! ስንት ጊዜ ከንፈርሽ ሲጠቁር አየሁ! ለኔ እንቅልፍ ብለሽ?»

«አንችስ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ ለማድረግ ትንፋሽ ስለሌላት ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። «አንች እየሞትሽ አይደለም ወይ? እኔ አርጅቼ ነው። አንች ምን ሆነሽ ነው?»

ሁሉም ነገር አንድ በአንድ እየመጣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያልቆመው ጋቢ የሚያለብሰው ሰው ስላልነበረ ነው። ሥራ በምውልበት ሰዓት የማይቆመው የሚተኛ ሰው ስለሌለ ነው። ማታና በዕረፍት ቀን የሚወርደውም የጋሼ ቮልቴጅ አይደለም፤ የእኔ ዓይን ነው። በደከመኝ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር እነቃለሁ፤ በነቃሁ ቁጥር ይበልጥ ይደክመኛል፤ ይበልጥ በደከመኝ ቁጥር እሷ ይበልጥ ቶሎ ትሸፍነዋለች። ስንዞር ነው የከረምነው፤ እኔ እሷ እንድትተነፍስ፣ እሷ እኔ እንድተኛ።

ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አደረግኩላት። ገና ይሞቅ ነበር። «አታልቅሽ እንግዲህ» አለችኝ፤ ማልቀሴን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ሐኪሙ ጥፍሯን አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ወደ እኔ ዞረ። «ማሽኑስ?»

«ጥፋቱ ተገኘ» አልኩት። «ሙቀት ነበር። አሁን አይቆምም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እናቴን አየኋት። ወንበሩ ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጉልበቶቿን ይዛለች። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። አልጋ አልያዘላትም። በባጃጅ ስንመለስ ሲሊንደሩን በሁለታችን እግር መሐል አቁመን፣ ፋሲል መዋኛው አጠገብ ስንደርስ እጄን ያዘችና እስከ ቤት አልለቀቀችውም።

ለጋሼ ስታብላይዘሩን ስመልስለት ምን እንደነበር ነገርኩት። ስታብላይዘሩን ተቀብሎ አገላበጠና «ያም ሆኖ መብራቱ ደኅና አይደለም» አለኝ። እሱ ትክክል ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ጋቢውን ዳግመኛ እንደማታለብሰው ምላልኛለች፤ ግን እኔ ስተኛ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ሲቅበዘበዝ አያለሁ። ይጮኻል፤ ትጨነቃለች። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ «እማዬ፣ የሚገርምሽ ነገር፣ አሁንማ ይሄ ድምፅ ከሌለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለምጄዋለሁ» አልኳት።

«ውሸታም» አለችኝ።

«ሙች!» አልኳት። እውነት አልነበረም። ዱግ ዱጉ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግንባሬን ሆን ብዬ ፈታ አደረግኩ፤ ትንፋሼን አስረዘምኩ። እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአልጋዋ ብትነሣ የፍራሿ ድምፅ ይሰማኛል ብዬ አዳመጥኩ። አልተነሣችም። እስክታምነኝ ድረስ እንዲሁ ልተኛላት ብዬ ቆየሁ፤ ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ ማሽኑ ራቁቱን ቆሞ ይጮኻል። እናቴ ቱቦዋን አድርጋ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደኅና ነው። ጋቢው እኔ ላይ ነበር፤ እስከ ራሴ።